የጥጊቱ አበባ

ከአምባው ግርጌ ባለው ጨፌ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ቢጫ አበባዋን በአንድ አገዳ ላይ ደርብ በደርብ የምትደረድር አጭር ተክል አለች፤ የአገሩ ሰው የጥጊቱ አበባ ይላታል። ከጎኗ እንደ እሷው ቢጫ የሚያብብ ሌላ ተክል ይበቅላል፤ ቆሞ ለሚያያቸው አይለዩም። ምልክቱ ቅጠሉ ሥር ነው፤ የጥጊቱ አበባ ቅጠሏ ሲገለበጥ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል፣ የሌላው ግን ልሙጥ ነው፤ ጭማቂውም ዐይን ይለበልባል።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ይህን ምልክት የምታውቅ አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ ነበረች፤ ለማንም ሳትነግር የአገሩን የታመመ ዐይን ሁሉ በአበባዋ ውሃ ታድን ነበር። አንድ ልጇን ምንይችልን አሳድጋ ጥጊቱን ዳረችው። ከሠርጉ ወዲህ ግን ልጁ ከእርሻ ሲመለስ ከደጅ ጀምሮ የሚጣራው «ጥጊቱ!» እያለ ሆነ፤ እናትም ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ስትሰማው ቅናት አንጀቷን ያሳርራት ጀመር። የምራቷ ደግነት ደግሞ ይብስ አናደዳት፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ እንኳ ለጎረቤት አምታት በወጣላት ነበር።

አንድ መከር ላይ የምንይችል ዐይን አብጦ ተከደነ። ያኔም «ጥጊቱ፣ እጄን ያዢኝ» እንጂ «እማ» አላለም ይባላል። ጥጊቱ አማቷ እግር ላይ ወደቀች።

«እሜቴ፣ አበባይቱን ይንገሩኝና በእጄ ልጠበው።»

አትጠገብን ያንገበገባት ይህ «በእጄ» የሚለው ነው። ትንሽ ቢለበልበው እሷን ትቶ ወደ እኔ ይመለሳል ብላ፣ «ቢጫዋን ቅጠፊ» አለቻት፤ ስለ ቅጠሉ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ጥጊቱ ቀጥፋ ጨምቃ መጣች። «መጀመሪያ በእኔ ይሞከር» ብላ ግን ጭማቂውን በገዛ ዐይኗ ጠብ አደረገች። ጩኸቷ መንደሩን አናወጠው። አትጠገብ ሮጣ ስትደርስ፣ ምራቷ ባሏ እንዳይነካው የተረፈውን መሬት ላይ እየደፋች ነበር።

«እሜቴ፣ ተሳስቼ ቀጥፌ ነው መሰለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለቻት።

 አትጠገብ እጇን ይዛ ጨፌው ወሰደቻትና ቅጠሉን ገለበጠችላት። ጥጊቱም በቀረው ዐይኗ ዱቄቱን አየች፣ ነገሩም ገባት፤ ምን እንዳለች የሚናገር ሽማግሌ ግን የለም። የምንይችልን ዐይን አጥባ ያዳነችው ጥጊቱ ራሷ ናት ይባላል፤ የእሷ አንድ ዐይን ግን እንደጠፋ ቀረ።

ዛሬም በዚያ አገር አዲስ ምራት ስትገባ አማት ጨፌው ድረስ ይዛት ትወርዳለች። አንዳንዷ ፊቷን አጥቁራ ነው የምትሄደው፤ ቅናት መች አለቀና። ቢሆንም ቅጠሉን ገልብጣ ታሳያለች፤ ጭማቂውንም፣ ምራቲቱ እያየች፣ አስቀድማ የራሷ ዐይን ውስጥ ታንጠባጥባለች።