ጨው ቸርቻሪዋና የወረዳው ገምጋሚ

ፊደል ያልቆጠረች፣ መልስ ግን ከሰው ተበድራ የማታውቅ አንዲት ጨው ቸርቻሪ ነበረች አሉ። የመንደሩ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ዓይን አፋር ተማሪ ከነዋሪው አንድ መካሪ ሲመድብ፣ ለእሷ ደብሪቱ የምትባል ልጅ ደረሰቻት። ደብሪቱ ስሟ ሰኞ ተጠርቶ «አቤት» የምትለው ሐሙስ ነበር። ሴትዮዋም በየቅዳሜው ገበያ እየወሰደች «ጨው! ጨው!» ስታስብላት ከረመች።

ዓመቱ ሲያልቅ አቶ ልሳነወርቅ ፕሮግራሙን ሊገመግሙ ከወረዳ መጡ። ክራባታቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው በትምህርት ቤቱ በር የገባው።

«አንቺ ሳትማሪ ተማሪ ትመክሪያለሽ?» አሏት፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«የተማሩት ሲደክማቸው እኮ ነው ወደ እኔ የላኳት፣ ጌታዬ።»

«እሺ፣ ልጅቱ በመቶኛ ስንት ተለወጠች? አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ፕሮግራሙን ዘግቼው ነው የምሄደው!»

መቶኛ የሚባል ነገር በሴትዮዋ የጨው ሚዛን ላይ የለም፤ ፕሮግራሙ ከተዘጋ ደግሞ ልጅቱ ወደ ዝምታዋ መመለሷ ነው። እሷ ስታሰላስል፣ ከሰውዬው ኋላ ቆማ የነበረችው ደብሪቱ አንገቷን አስግጋ፣ ገና ቢሯቸው ሳሉ ሞልተው ያመጡትን ቅጽ ሰባት ቀበሌ በሚሰማ ድምፅ አነበበችው፦

«ውጤት የለውም! ይዘጋ!»

አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ዘለው ተነሡ። «ማናት ይቺ ደፋር?»

«የለም ያሉት ውጤት ናታ፣ ጌታዬ!» አለች ሴትዮዋ።