ንቡን የተከተለ ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ። በቅዳሜው የእንግሊዝኛ ክፍል የሚማረው ልብስ ሰፊው ደርብ «ፖዘስ ማለት ምንድን ነው? መያዝ ነው ወይስ ባለቤት መሆን?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እርሳቸውም የቃሉ ሥር ላቲን እንደሆነ፣ የጥንት ትርጉሙም ጌታ ሆኖ መቀመጥ ማለት እንደነበረ ነገሩት። ግራ እንደገባው ሲያዩ ግን ጠመኔውን አስቀምጠው ወደ ምሳሌ ገቡ።

አንድ ሰው ነበረ። አባቱ ያወረሰው አንድ ቀፎ ንብ ነበረው፤ ከዚያ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። በዚያ አገር ንብ ሲኮበልል፣ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል እስከተከተለው ድረስ የእርሱ ነው። ዓይኑን ካነሳ ግን ንቡ ያረፈበት ግቢ ባለቤት ይወስደዋል። ደንቡ ይህ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

አንድ ጠዋት ንቡ አውራውን ተከትሎ ወጣ። ሰውየው ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ተከተለ። ከላይ ንቡ እንደ ደመና ይንሳፈፋል፣ ከታች እርሱ አንጋጦ ይሄዳል። የሰው ማሳ ረገጠ። ወንዝ ሲሻገር እግሩ እንደራሰ እንጂ ወንዝ መሆኑን ልብ አላለም። አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ሲያልፉ ቆሞ አልሸኘም፤ ማን እንደሞተም አልጠየቀ። በጆሮው ያለው የንቡ ጥዝዝታ ብቻ ነበር፤ ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ ሰውን በቁሙ ያስተኛል።

ከቀትር በኋላ ንቡ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ወይራ ላይ ሰፈረ። ሰውየው ከሥሩ ተቀመጠ። ቀፎውን ከቤቱ ሄዶ እንዳያመጣ ዓይኑን መንቀል ይኖርበታል። ሴትዮዋ ባዶ ቀፎ አለኝ ብትለው፣ የእርሷ እንዳይሆን ፈርቶ እምቢ አለ። ውኃ ሰጠችው፤ ወደ ላይ እያየ ጠጣ። ዳቦ ሰጠችው፤ ወደ ላይ እያየ በላ፣ ግማሹ ጢሙ ላይ ቀረ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲሁ እንደተቀመጠ ዋለ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ አጠገቡ ቆመች።

«ወንድምዬ፣ እኔንስ አታየኝም?» አለችው።

ይህን አጠራር ያውቀዋል። ዓይኑን ከወይራው አወረደ። ወንዝ ማዶ የተዳረችው እኅቱ ነበረች፤ ቀፎውን ጥሎ መሄድ እየፈራ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቃት እኅቱ። ፀጉሯ ሸብቷል። እርሷ ግን ገና ከበሩ ሲገባ አውቃዋለች። አቅፏት አለቀሰ፤ ንቡም በደንቡ መሠረት የእርሷ ሆነ።

መምህሩ ወደ ደርብ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። የአባትህ ቤት ላይ ተቀምጠሃል። እኅትህ ድርሻዬን ትለኛለች ብለህ ስድስት ዓመት ደጇን አልረገጥክም። ቤቱን ማንም አልወሰደብህም፤ ግን ሌላ ነገር እንዳታይ አድርጎሃል። ቃሉን ለፈተና አጥናው። እርሷን ግን ከፈተናው በፊት ሄደህ እያት። ታማለች፤ አልሰማህም መሰለኝ።»