ጉልላት ላይ የወጣችው የሰጎን እንቁላል

ተረት ይዣለሁ፤ እኔ ላውራ እናንተ ስሙኝ። ጠጋ በሉ።

ድሮ ነው፤ እንስሳ የሚያወራበት፣ ዕቃም የሚመልስበት ጊዜ። አንዲት ሰጎን ከቆላ ተነሥታ ሦስት ቀን ሙሉ ዳገት ወጣች። በክንፏ ሥር አንዲት እንቁላል ይዛለች። ሌሎቹን ቀበሮ በልቶባታል፤ የቀረቻት ይቺው ናት።

ለምን ወጣች? ከደጋው የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምታ ነው። «ኑ፣ ኑ» የሚል መሰላት። «ልጄን ለእግዜር አደራ ልስጥ፤ እሱ ቤት ማንም አይነካት» አለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አንደኛው በር ላይ አውራ ዶሮ ቆሟል።

«ወዴት ነው? የማን ወገን ነሽ?»

«ወፍ ነኝ፣ ጌታው።»

«ወፍ? እስቲ ብረሪ።»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ተመለሽ» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

ይኼ ዶሮ ማን መሰላችሁ? ለፋሲካ ወጥ ሊሆን ሲል አጥር ዘሎ የገባ ነው።

ዞራ ወደ ሁለተኛው በር ሄደች። እዚያ ከበሮ ተቀምጧል።

«ድም፤ ዜማ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጾመሽስ ታውቂያለሽ?»

«የምበላው ያጣሁ ቀን።»

«እሱማ ረሃብ ነው» ብሎ ሳቀባት።

የእሱስ ቆዳ? ከዚያው ከቆላ ተነድቶ የመጣ በሬ ቆዳ ነው። አገሩን ረስቶ እኮ ነው።

ሦስተኛው በር ላይ ርግብ አለች። እሷ እንኳ አፏ ለስላሳ ነው።

«አዝናለሁ እህቴ። እኛ ከኖኅ ጊዜ ጀምሮ ቤተኞች ነን። የእናንተን ዘር መርከቡ ውስጥ ማን አየው?»

ይኼኔ እንቁላሏ ከክንፍ ሥር፣ «አያቴ መርከቡ ውስጥ ባትኖር እኛ ከየት መጣን?» አለች።

 ርግብ ግን በሩን አልከፈተችም።

ሰጎኗ እንቁላሏን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ተቀመጠች። «ከዚህ አልሄድም። ከውጭም ቢሆን የእሱ ደጅ ነው» አለች። ዓይኗን ከእንቁላሏ ላይ አልነቀለችም።

ሲነጋ ቄሰ ገበዙ አባ ጥዑመ ልሳን ሊደውሉ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ጣራ ተሠርቶለት፣ ጉልላቱ የሚወጣው ያን ቀን ነበር።

«ልጄ፣ ምነው ውጭ?»

«ወገን የለሽም ተባልኩ፣ አባቴ።»

ሦስቱም ተሯሩጠው መጡ። «አትበርም» አለ ዶሮ። «ዜማ አታውቅም» አለ ከበሮ። «ቤተኛ አይደለችም» አለች ርግብ።

«ደወሉን የምደውለው እኔ ነኝ» አሉ አባ። «ስደውል ወገን ለይቼ ጠርቼ አላውቅም። ባለቤቱም ለይልኝ አላለኝም።»

እንቁላሏን በሁለት እጃቸው አነሡ። ጣራው ላይ ላሉት ሠራተኞች አቀበሉ፤ እነሱም ጉልላቱን አቁመው ጫፉ ላይ አኖሯት። ሰጎኗን ደግሞ አባ በዋናው በር አስገቧት።

ዶሮ አኮረፈ። «መግባቷስ ይሁን፤ ልጇ ከሁላችን በላይ ትውጣ?»

«ከሩቅ የሚመጣ መጀመሪያ የሚያየው ጉልላቱን ነው» አሉት። «ቦታ እንዳለው ከሩቁ ይወቅ።»

ወዲያው እንቁላሏ ከላይ ተጣራች። «እማዬ፣ ቆላው በሙሉ ይታየኛል። ጥንቸል እየመጣች ነው። ከርከሮም ዔሊም መጥተዋል። ከኋላ ጅብ አለ፤ አንገቱን ደፍቷል።»

ጅብ ሲባል ዶሮ ከበሮው ኋላ ገባ። ከበሮውም ድምፁ ጠፋ። ርግብ ጣራ ላይ ወጣች።

ሰጎኗ ግን ተነሥታ በሩን በሰፊው ከፈተችው። ጅቡ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ «የማን ወገን ነህ» እንዲባል ጠበቀ።

እሷ ግን፣ «ዳገቱ አደከመህ አይደል? ግባ፣ እረፍ» አለችው።

ገባ። ከበሮውም አፍሮ ይሁን ደስ ብሎት እንጃ፣ እስከ ማታ ሲመታ ዋለ።

እንግዲህ እግዜር የጠራውን እናንተ በር ላይ አታቁሙት። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ለጎረቤት አድርሱልኝ።