አሜን ያልተባለበት ውል

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«አይደለም፣ ዛሬስ የንብ በረት በሉ!»

«የንብ በረት!»

እንዲያ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ሕፃኑን አቅፈሽ ወዲህ ነይ። መጀመሪያ አንድ ቃል ያዙልኝ።

፦ «ልጄ፣ ያልገባሽን ነገር አሜን አትበይ። አሜን ማለት ይሁንልኝ ማለት ነው። የማታውቂውን ይሁንልኝ ካልሽ፣ የማታውቂው ይሆንብሻል።»

ይህን የተናገሩት የኔታ ናቸው። የነገሯትም ይታይሽን ነው። ይታይሽ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ፊደል ቆጥራ፣ አቡጊዳ ዘልቃ፣ ንባብ ጀመር እንዳደረገች ተዳረችና ትምህርቷ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ቃሉ ግን አብሯት ቀረ።

በድሮ ዘመን፣ ግራዋ አምባ በሚባል አገር፣ ይህች ይታይሽ ትዳር ይዛ ትኖር ነበር። ዝምተኛ ነች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷን አዝላ ትውላለች። አፏ ዝም ይበል እንጂ ዓይኗ አይተኛም። ባሏ ሞላልኝ ንብ አናቢ ነው። ሰባት ቀፎ አለው። ሌላ በሬ የለው፣ መሬት የለው። የሚያጎርሳቸውም የሚያለብሳቸውም ያ ማር ነው።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና አበባ ጠፋ። ንቡ ሊሰደድ ሆነ። ከዚያም ሞላልኝ ወደ ባላምባራስ ድልነሳ ሄደ። ባላምባራስ ምንጭ ያለበት ጫካ አላቸው፤ አበባ አይጠፋበትም። ሆዳቸውም ትልቅ፣ ሳቃቸውም ትልቅ ነው።

፦ «ቀፎህን ለሦስት ዓመት ስቀል። ከማሩ ከሦስት እጅ አንዱን ትሰጠኛለህ» አሉት።

ተስማሙ። እንግዲህ ውል ይጻፍ ተባለ።

የዚያ አገር ሰው ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። ውል የሚጽፉለት አለቃ ልሳነወርቅ ናቸው። አለቃ የቅኔ ሊቅ ናቸውና ውሉን ሁሉ በግዕዝ እየጠመዘዙ ይጽፉታል። ሲነበብ እንደ ጸሎት ይንቆረቆራል። ሕዝቡም ነጠላውን አደግድጎ፣ ቆሞ ይሰማና መጨረሻ ላይ «አሜን!» ይላል። ብራናውን ይሳለማል። በቃ፣ ውሉ ጸና። ይባስ ብሎ፣ ያልገባው ውል የበለጠ የከበረ ይመስለው ነበር።

፦ «የዛሬው ውል እንዴት ያምራል! አንዲት ቃል እንኳ አልገባችኝም» ይባባላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። አለቃ ብራናውን ዘረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

፦ «ዝንቱ መጽሐፈ ውል ዘይነግር በእንተ ንህብ ወመዓር፣ ወበእንተ ዐቃቢሁ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ...»

ይታይሽ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። «ሞቱ» የምትለውን ቃል ለየቻት። የማን ሞት? በማር ውል ውስጥ ሞት ምን አመጣው? ባሏን ዞር ብላ አየችው። ከንፈሩ ተከፍቷል፤ አሜን ሊል ነው። ሰባቱ ቀፎ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። አገሩ በሙሉ «አሜ...» ብሎ ሲጀምር፦

«እኔ አላልኩም!» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አያ ጥጋቡ የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

፦ «ኧረ የማን ሴት ናት? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!»

፦ «ይሁን አባቴ፣ በወንድ ይለቅ» አለች። «ወንዱ ግን የሚጨርሰውን ይወቀው። እኔ ለልጆች ተረት ስነግር፣ ተረቴን መልሱ እላለሁ። የመለሰ ሰምቷል፤ ያልመለሰ ተኝቷል። ይህንንም ውል በራሳችሁ አፍ መልሱልኝ። ያን ጊዜ አሜን እላለሁ።»

ባላምባራስ ሳቁ።

፦ «ይህ ምን ይቸግራል! ሞላልኝ፣ መልስላት እንጂ።»

ሞላልኝ ራሱን አከከ።

፦ «እ... ንብ አለ። ጫካ አለ። ከዚያም... እግዜርም አለ።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ።

፦ «እርስዎስ ጌታዬ?» አለች ይታይሽ።

፦ «የእኔም... ያው እሱ እንዳለው ነው» አሉና ባላምባራስ ሆዳቸውን አሻሹ።

ከዚያማ ዓይን ሁሉ አለቃ ላይ አረፈ።

፦ «አለቃ፣ ገበያ ለሚልኩት ሰው እንደሚነግሩት አድርገው ይንገሩን» አለች።

፦ «ውል እንደ ሽንኩርት በገበያ ቋንቋ አይሸጥም!» ብለው ተቆጡ።

ሕዝቡ ግን «ይፈታ! ይፈታ!» ብሎ ጮኸ። አለቃም እያላባቸው ፈቱት።

፦ «ቀፎው ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ንቡ ለጫካው ጌታ ይሆናል። ጠባቂውም እስኪሞት ድረስ ከጫካው አይወጣም...»

፦ «ጠባቂው እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ሞላልኝ ጭንቅላቱን ያዘ። «እስክሞት?»

፦ «ቆይ፣ አላለቀም። ንቡ የኮበለለ እንደሆነ፣ የጫካው ጌታ በእግሩ ይከተለው። ሳይዘውም ወደ ቤቱ አይመለስ።»

፦ «እኔ? በዚህ ሆዴ?» ብለው ባላምባራስ ከበርጩማቸው ዘለው ተነሡ።

፦ «ንቡስ ያዝንልዎታል፤ ክፉው ዳገቱ ነው!» አሉ አያ ጥጋቡ።

ሾላው እስኪነቃነቅ ተሳቀ።

፦ «ለመሆኑ ይህን ጻፍ ያለህ ማን ነው?» አሉ ባላምባራስ።

አለቃ አንገታቸውን ደፉ።

፦ «ማንም። ከአያቴ ብራና ነው የገለበጥሁት። ጥንት ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው። ዜማው ስለሚያምርልኝ፣ አንድም ቀን ምን ትላለህ ብዬ አልጠየቅሁትም።»

ይህን ጊዜ ሳቁ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ውል አስታወሰ። ያንን የተሳለመውን።

ከዚያም አለቃ አዲስ ብራና አወጡ። ይታይሽ አጠገባቸው ቁጭ አለች። አንድ ነገር ይጽፉና ያነቡላታል፤ እሷ ትመልሳለች። መመለስ ያቃታትን ይፍቁታል። አለቃ ከቅኔ ይልቅ ይህ ከበዳቸው፤ ሦስት ጊዜ ቀለም ደፉ። በመጨረሻም ቆመው አነበቡ።

፦ «ንቡ የሞላልኝ ነው። ጫካው የባላምባራስ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ማር ሲቆረጥ፣ ከሦስት እጅ አንዱ ለባላምባራስ ይሰጣል። ሦስት ዓመት ሲሞላ ሞላልኝ ቀፎውን ይዞ ይወጣል። ንቡ ቢኮበልል ማንም ማንንም አይከስስም።»

ከኋላ ጆሯቸው የከበዳቸው እማማ ዘርፌ እጃቸውን አነሡ።

፦ «ነፋስ ቀፎውን ቢጥለውስ?»

፦ «እውነትም!» አለ ሕዝቡ። ዕድሜ ልኩን በውል ላይ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አይቶ አያውቅም ነበር። «ሞላልኝ ያድሰዋል» ተባለና ተጨመረ። ከዚያም እማማ ዘርፌ ውሉን ከራስ እስከ እግሩ፣ አንዲት ሳያጎድሉ መለሱት።

ያን ጊዜ ይታይሽ ቀድማ «አሜን!» አለች። አገሩም ተከተላት። ሾላው ላይ የነበረው ወፍ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ በግራዋ አምባ ያልተመለሰ ውል አይጸናም። አለቃም በማግስቱ ሌላ ውል ጽፈው፣ ከይታይሽ ደጅ ቆመው «ልጄ፣ እስቲ ይህችን መልሽልኝ» አሏት፤ አሮጌ ውሉን ከሣጥን ያወጣውም ከኋላቸው ተሰልፏል።

ይታይሽ ግን በዚያው በእሑዱ ቀን፣ ሰው ሲበተን፣ ያንን የፈረሰውን የግዕዝ ውል ብራና ለምና ወሰደች። ቤቷ ገብታ ጽሑፉን በቢላ ፋቀችው። የድስት ጥላሸት በጠበጠችና አንዲት ሀ ጻፈች። ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። ትንሿን ጣቷንም ያዘችና ፊደሏ ላይ አኖረቻት።

ተረቴን በራሳችሁ አፍ መልሱ፤
የእኔን አፍ በማር ዳቦ አብሱ።