አያ ጎፈርና የዘገየው ውርጭ

አንድ ጊዜ፣ ደመና ከእግር በታች በሚታይበት ከፍተኛ ተራራ ላይ፣ አያ ጎፈር የሚባል ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖር ነበር። ስሙን ያወጣለት ጎፈሩ ነው። ከትከሻው ተነሥቶ ወገቡን አልፎ የሚወርድ፣ ሲቀመጥ መሬት ላይ የሚነጠፍ ጎፈር ነበረው። በዚያ ተራራ እንደዚያ ያለ ጎፈር የያዘ ሌላ ጭላዳ አልነበረም። አያ ጎፈር ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም አይደብቅም ነበር።

ይህ ጭላዳ ከምግብም ከእንቅልፍም አብልጦ የሚወደው አንድ ነገር ነበር፤ ሸርተቴ። ከዋሻው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ምንጭ ይፈልቃል። ዝናቡ አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ ያ ውኃ ሣሩ ላይ ኩልል እያለ ሲወርድ ሌሊት ውርጭ ይመታውና ይጠጥራል። አራዊቱ ጠዋት ሲነሡ ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በረዶ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ በኋላማ ማን ሥራ ይሠራል! ዋልያው በሰኮናው፣ ሽኮኮው በሆዱ፣ ጭላዳው በመቀመጫው፣ ሁሉም እንዳመሉ ይንሸራተታል።

አያ ጅቦ ብቻ አይንሸራተትም። እሱ ከቁልቁለቱ ሥር አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። እግሩ የተሰበረ፣ አንገቱ የተቀጨ ካለ ብሎ ነው።

ጨዋታው ደንብ ነበረው። ሸርተቴውን የሚከፍተው ባለ ትልቁ ጎፈር ነው። አዲስ በረዶ ስንጥቅና ስለታም ጠርዝ ስላለው፣ መጀመሪያ ወፍራም ጎፈር ካላለፈበት የሌላውን ገላ ይቆርጣል። ስለዚህ ባለጎፈሩ ጎፈሩን ከሥሩ አንጥፎ ይቀመጥና፣ «ውረዱ ብያለሁ!» ብሎ ጮኾ ይወርዳል። ከእሱ በፊት የሚወርድ የለም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ይህ ክብር የአያ ጎፈር ነበር።

አሁን ግን አያ ጎፈር አርጅቷል። ገደል ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሣር ሲነጭ ጣቶቹ ይደነዝዙበታል። ለማንም አልተናገረም እንጂ የዘንድሮው ሸርተቴ የመጨረሻው እንደሚሆን ልቡ ነግሮታል። አንዴ ብቻ፣ አንዴ ወርዶ፣ ነፋሱ ጆሮው ላይ ሲያፏጭ ሰምቶ መሰናበት ነበር የፈለገው። ከዚህ ሌላ ከዓለም የጠየቀው ነገር አልነበረም።

ኅዳር ገባ። ውርጩ ግን አልመጣም።

ሌሊት ሌሊት ደመናው ተራራውን እንደ ቡልኮ ሸፍኖት ያድራል። ጠዋት ሙቀት ነው፤ ቆላ የሚኖር ዝንብ ሳይቀር ወጥቶ የጅባራው አበባ ላይ ያንዣብባል። አያ ጎፈር ማንም ሳይነሣ ይነሣና ቁልቁለቱን በመዳፉ ይዳብሰዋል። ጭቃ ነው። በማግሥቱም ይዳብሰዋል። ያው ጭቃ ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ጎፈሩን አንጥፎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ ራሱን ወደ ታች ገፋ። ጥቂት ከተጎተተ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወገቡ ድረስ ሰምጦ ነበር። ሽኮኮዎቹ ከድንጋዩ ሥር ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት።

ባለቤቱ ዘርፌ መጥታ በክንዱ ጎትታ አወጣችው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ጨቅላ ሆንክ እንዴ?» አለችው፣ ጭቃውን ከጎፈሩ ላይ እየለቀመች።

«ሰውነቴ እንዳይረሳው ብዬ ነው።»

«አይረሳውም። ብርዱ ሲመጣ ይመጣል። እስከዚያው ሣርህን ብላና ተቀመጥ።»

አያ ጎፈር ግን መቀመጥ አልቻለም። ከቁልቁለቱ ሥር ወርዶ ድንጋይ ላይ ተኮፈሰና ሰማዩን ማየት ጀመረ። አያ ጅቦም አጠገቡ መጥቶ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ሁለቱም አዘኑ።

«አያ ጎፈር፣ በረዶው የት ገባ?» አለ ጅቡ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ባለሸርተቴው አንተ ነህ። አምና ይሄኔ አንድ ሽኮኮና የድኩላ እግር ደርሶኝ ነበር። ዘንድሮ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ሁላችሁም በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። እንዲህም አድርጎ ጨዋታ አለ?»

አያ ጎፈር ፊቱን ወደ ሰማዩ መለሰ። ሐዘኑን የሚካፈለው ጅብ ብቻ መሆኑ የባሰ አሳዘነው።

ይህን ሁሉ እመት ቀበሮ ሰምታለች። እመት ቀበሮ ጭላዳዎቹ ሣር በሚነጩበት መስክ መካከል አይጥ እያደነች የምትኖር ጎረቤት ናት። አይጦቹ ዘንድሮ ጉድጓዳቸውን ከወትሮው ጠልቀው ቆፍረው፣ ሣር ከታች ድረስ እየጎተቱ ሲያከማቹ አይታለች። አይጥ እንዲህ ሲያደርግ ከባድ ብርድ እየመጣ እንደሆነ ታውቃለች። ጉድጓዷ ውስጥ ደግሞ ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆች አሏት፤ የሚተኙትም ባዶ ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ እያዘገመች መጣችና ከአያ ጎፈር ፊት ቁጭ አለች።

«አያ ጎፈር፣ አንጀቴን በላኸው እኮ። ውርጩ ለምን እንደቀረ ልንገርህ? እንዳትቀየመኝ ብቻ።»

«ንገሪኝ፤ አልቀየምም።»

«የከለከልከው አንተ ነህ።»

«እኔ?!»

«አንተ ነሃ! ውርጭ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ከደጅ ሆኖ ባለቤቱን ያያል። ከላይ ሆኖ ወደዚህ ተራራ ሲመለከት ማንን ያያል? ሽኮኮን አያይም። እኔን አያየኝም። የሚያየው አንተን ነው፤ ያን የሚያህል ጎፈር ደርበህ። ‹ይሄማ ለብሷል፣ እኔን አይፈልገኝም› ብሎ ወደ ሌላ ተራራ ያልፋል። ድሮ ጎፈርህ እንዲህ አልበዛም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ማማሩ አልበዛም ትላለህ?»

ይህን ነገር ለሌላ ሰው ብትነግሩት ይስቃል። አያ ጎፈር ግን አልሳቀም። ብርዱም ሙቀቱም የእሱን ጎፈር እያየ እንደሚመጣና እንደሚሄድ ውስጥ ውስጡን ሁልጊዜም ያምን ነበር። ሙገሳና ወቀሳ አብረው ሲመጡለት ሙገሳውን ብቻ ሰማ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መላጨት ነው።»

«መላጨት! በምን ላይ ተቀምጬ ልከፍት ነው ታዲያ?»

«እኔ እያለሁ! አደራ አስቀምጥልሃለሁ። ውርጩ እርቃንህን አይቶ ይመጣል፤ በረዶው ይጠጥራል፤ እኔ ጎፈሩን ይዤልህ እመጣለሁ። አንጥፈህ ትቀመጥበታለህ። ምን ልዩነት አለው?»

ዘርፌ ይህን ስትሰማ ሣሩን ከእጇ ጣለች።

«ጎፈርህን ለቀበሮ? አእምሮህን ስተሃል! ብርዱ ቢመጣ ምን ትለብሳለህ?»

«አንቺ ሸርተቴ አይገባሽም።»

«ሸርተቴ አይገባኝም፤ ብርድ ግን ይገባኛል።»

«ጊዜ የለኝም ዘርፌ!» ብሎ ጮኸባት። ለምን ጊዜ እንደሌለው ግን አልነገራትም። ነግሯት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እጁን ይዛ ታስቀረው ነበር።

ላጩ አያ ጅቦ ሆነ፤ በተራራው ላይ እንደሱ ያለ ጥርስ ያለው የለምና። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አያ ጎፈር ድንጋይ ላይ ተደፋ፤ ጅቡም ከትከሻው ጀምሮ ጎፈሩን ከሥሩ እየነከሰ ይቆርጥ ጀመር።

«ጸጉሩን ብቻ አያ ጅቦ!» አለች እመት ቀበሮ።

«ጆሮው አብሮ ቢመጣስ?»

«አይምጣ!»

«ትንሽ ብቻ፣ ጫፉን?»

«በረዶው ሲጠጥር ስንት የሚሰበር አለልህ! ለጆሮ ብለህ ያን ሁሉ ታጣለህ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠና ሥራውን ቀጠለ። ከምራቁ ጋር ብዙ ጸጉር ስለዋጠ ደግሞ እስኪመሽ ድረስ ሲያስለው ዋለ። እመት ቀበሮ የተቆረጠውን አንድም ሳታስቀር ለቀመች፤ በሣር ጠልፋ አንድ ላይ አሰረችና እየጎተተች ወደ ጉድጓዷ ሄደች። አያ ጎፈር ተነሥቶ ራሱን ዳበሰ። ገላው የእሱ አልመስል አለው። ያን ያህል ትንሽ እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ነፋስ ተነሣና ደመናውን ጠራርጎ ወሰደው። ሰማዩ ጠራ።

«ዘርፌ! መጣ! አየሽ? መጣ!» አለ አያ ጎፈር። በደስታ ተነሥቶ ከዋሻው ደጅ ቆመ። ብርዱ መጀመሪያ ጀርባውን ዳሰሰው፤ ቀጥሎ ትከሻውን ያዘው፤ ቀጥሎ አጥንቱ ውስጥ ገባ። ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጋጩ ጀመር። «ሂጂና ጎፈሬን አምጪልኝ፤ ለብሼው ልደር» አላት።

ዘርፌ ሮጣ ከእመት ቀበሮ ጉድጓድ ደረሰች። እመት ቀበሮ አፍንጫዋን ብቻ ብቅ አደረገች።

«የባለቤቴን አደራ መልሺልኝ። ብርዱ ሊገድለው ነው።»

«ቀስ በይ፣ ልጆቼ ተኝተውበታል። አሁን ብቀሰቅሳቸው ያለቅሳሉ።»

«አደራ እኮ ነው!»

«በላሁት አልኩ? ያደራ ነገርማ ይከበራል። ነገ ወደ ሸርተቴው አመጣዋለሁ ብያለሁ፤ አመጣዋለሁ» አለችና አፍንጫዋን መለሰች። ዘርፌ ክንዷ የሚገባበትን ያህል ጉድጓዱን ጫረች። መሬቱ ከወዲሁ እየጠጠረ ነበር። ባዶ እጇን ተመለሰችና ባሏን አቅፋው አደረች።

ጠዋት ሆነ። እንዲህ ያለ በረዶ በዚያ ተራራ ታይቶ አይታወቅም። ቁልቁለቱ ከምንጩ እስከ ሸለቆው አንድ ወጥ ሆኖ ያበራል። ዋልያው መጣ፣ ሽኮኮዎቹ መጡ፣ ከማዶ ገደል ያሉ ጭላዳዎች ሳይቀሩ መጡ።

«አያ ጎፈር! ክፈትልና!» እያሉ ተጣሩ።

አያ ጎፈር ሰምቷል። ከዘርፌ ክንድ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለቱን ያየዋል። ለመነሣት ሞከረ፤ እግሩ አልታዘዘለትም። «መጣሁ» ለማለት ሞከረ፤ ድምፁ ከጥርሱ አላለፈም።

ያን ጊዜ እመት ቀበሮ ጎፈሩን እየጎተተች መጣች። ወደ ዋሻው ግን ቀና ብላ አላየችም። ቁልቁለቱ አናት ላይ አነጠፈችውና ተቀመጠችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ዋልያው። «እሱ የአያ ጎፈር አይደለም እንዴ?»

«ደንቡ ምን ይላል?» አለች። «ባለ ትልቁ ጎፈር ይክፈት ነው የሚለው። ከዚህ የሚበልጥ ጎፈር የያዘ ካለ ይምጣና ልነሣለት።»

አራዊቱ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን በረዶው እያበራ ነው፤ ሁሉም ሲጠብቁት ከርመዋል። ከኋላዋ ተሰለፉ።

«ውረዱ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች እመት ቀበሮ፤ ወረደችም።

ከቁልቁለቱ ሥር አያ ጅቦ ጎፈሩን ከሩቅ አየና አወቀው። «አያ ጎፈር መጣ! ሽማግሌ ነው፣ አይሸሽም» ብሎ አፉን ከፈተ። ቀበሮዋ ልትደርስበት ጥቂት ሲቀራት ዘላ ወረደች፤ ጎፈሩ ብቻውን ሄዶ ጅቡ አፍ ውስጥ ገባ። አያ ጅቦ አኘከው፣ አላመጠው፣ አሳለው፣ ተፋው። ጸጉሩን በእግሩ እየገለበጠ መረመረና ወደ ላይ ቀና አለ።

«ጎፈሩስ ይኸው» አለ። «ሥጋውስ የት ቀረ?»

ያን ጊዜ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ዋሻው አዞሩ።

በዋሻው ውስጥ አያ ጎፈር አፉን ወደ ዘርፌ ጆሮ አስጠጋ።

«ተከፈተ?» አላት።

«ተከፈተ።»

«በረዶው እንዴት ነው?»

ዘርፌ መዋሸት አልሆነላትም። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለችው፤ እንባዋም ተላጭቶ በቀረው ትከሻው ላይ ወረደ።

ጎፈር እንደገና ለመብቀል ዓመት ይፈልጋል። አያ ጎፈር ደግሞ ዓመት አልነበረውም። በረዶው ሳይቀልጥ፣ የሌሎቹን ሳቅ ከደጁ እየሰማ ሞተ። አያ ጅቦም ሸርተቴውን ትቶ ከዋሻው ሥር መቀመጥ ጀምሮ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የናፈቅነውን ቀን ለማፋጠን ብለን ለዚያ ቀን የሚያስፈልገንን አሳልፈን ከሰጠን፣ ቀኑ በመጣ ጊዜ ሌላው በእኛው ነገር ሲደሰት ከዳር ሆነን እንደምናይ ነው።