ጮማ ያጥባል የተባለው ሻይ

አንድ የጨርቅ ነጋዴ የሻይ ማሳ በከበባት ኮረብታማ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ወንድይራድ ይባላል። ሲስቅ ድምፁ ከሱቁ አልፎ ገበያው መሐል ይሰማል። ሰው ይወዳል፣ ጨዋታ ይወዳል፣ ከሁሉም በላይ ግን ጮማ ይወዳል። ዝም ብሎ ሥጋ እንዳይመስላችሁ፤ ነጭ በነጭ የሆነውን ነው የምላችሁ። ሥጋ ቤት ገብቶ አንዴ ከተቀመጠ ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱ "ጋሼ፣ ኧረ ለሌላውም ሰው ይትረፍ!" እያለ ይቀልድበታል። እሱም ሆዱን ይዞ ይስቅና "አንተ ዝም ብለህ ቁረጥ" ይለዋል።

ይህ ሰው ትርሲት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ስሟን ሲጠራ ያ ወፍራም ድምፁ እንኳ ይለሰልሳል። ትርሲት ታጨችና ሰርጉ ከሦስት ወር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አባትየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። ሁለት ክንድ ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ እያስቀመጠ የሙሽራውን ዘር ማንዘር ይተርክለት ጀመር።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ወግ ልንገራችሁ። እዚያ ሙሽራን በበቅሎም በመኪናም አይወስዷትም። አባቷ እጇን ይዞ ከቤቱ ደጅ እስከ ሙሽራው ደጅ በእግሩ ያደርሳታል። መንገድ ላይ ቆም ማለት ይፈቀዳል፤ መቀመጥ ግን አይፈቀድም። አባት ከተቀመጠ አጎት እጇን ይቀበላል፤ ደጃፉ ላይ እስክስታ ወርዶ የሚመርቃትም አጎት ይሆናል። የሙሽራው ቤት ደግሞ የት መሰላችሁ? ኮረብታው ጫፍ ላይ! ወንድይራድ እንግዲህ ከሱቁ ተነስቶ ቤቱ እስኪደርስ ሁለት ቦታ ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው ነው።

ጭንቅ ሲለው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ደሙን መረመረና እንዲህ አለው፦

"ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል። ጮማውን ይቀንሱ። ስኳር ይተዉ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ከፈለጉ ደግሞ አረንጓዴ ሻይ ይጠጡ፤ በቀን ሁለት ሦስት ስኒ አይጎዳም፣ ለልብም ትንሽ ትንሽ ያግዛል።"

ሐኪሙ አራት ነገር ተናገረ። ወንድይራድ ስንቱን ሰማ? አንዱን። እናንተ ደግሞ አትሳቁበት! እኔም ብሆን ሐኪም ፊት ስቀመጥ ጆሮዬ የትኛውን እንደሚመርጥ አሳምሬ አውቃለሁ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሰው ላከ። እትዬ ብርቄ ኮረብታው ወገብ ላይ ማሳ ያላት፣ ሻዩን ራሷ ቀጥፋ ራሷ የምታዘጋጅ፣ ምላሷ ስል የሆነ ሴት ናት። ቅጠሉን በጨርቅ ቋጥራ ላከችለትና ለመልእክተኛው "በፈላ ውኃ ላይ ጣል አድርጎ ትንሽ ይታገሰው። ስኳር የለም፣ ከምግብ ጋር የለም፣ ከቀትር በኋላም ይቅርበት በለው" አለችው። መልእክቱ ደረሰ፤ ወንድይራድም "እሺ፣ እሺ" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማውራት ሳቄ እየቀደመኝ ነው። ሰውዬው ሻይ ማፍላት የሚያውቀው እንደ እኛው ነው። ቅጠሉን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከተተ፣ ቀረፋውን ቅርንፉዱን ጨመረ፣ ከዚያም ግማሽ ቀን አንተከተከው። ሲቀምሰው እሬት እሬት አለው። ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ስኳር አለ አይደል? አራት ማንኪያ! "አሁን ገና መድኃኒት ሆነ" አለና ፔርሙስ ሙሉ ይዞ ወዴት ሄደ? ሥጋ ቤት።

ግማሽ ኪሎ ይበላና አንድ ስኒ ይደግማል። "አይዟችሁ፣ ያጥበዋል!" ይላል ለጓደኞቹ። ሻዩ ያጥባል ከተባለ ታዲያ ግማሽ ኪሎ ላይ ማን ይቆማል? ግማሹ አንድ ኪሎ ሆነ። ጓደኞቹም ወግ ደረሳቸውና ሁሉም ፔርሙስ በብብቱ ይዞ ይመጣ ጀመር። ባለ ሥጋ ቤቱም ብልጥ ነው፤ በሩ ላይ "ጮማ የሚያጥብ አረንጓዴ ሻይ አለን" ብሎ ለጠፈ። ከተማው እንዲያ ሲበላ ታይቶ አይታወቅም።

ሻይ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲከነብለው ጨጓራው ተቃጠለ። አመሻሽ ላይ ሲደግመው እንቅልፉ ጠፋ። ከእያንዳንዱ ምግብ ጋር ሲጠጣው ሰውነቱ ከምግቡ ማግኘት የሚገባውን፣ ደም የሚያበረታውን የብረት ንጥረ ነገር እየተሻማበት ፊቱ ገረጣ። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱ ገዢ ሦስት ክንድ ጠይቆ አራት ይዞ ይሄዳል። ቀበቶው ደግሞ አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት፤ ያውም ወደ ጫፉ በኩል። ወንድይራድ ግን አልጠረጠረም። "መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ስሜቱ ይታወቀኛል" ይላል።

ሰርጉ አንድ ወር ተኩል ሲቀረው ትርሲት "አባዬ፣ ና እስቲ መንገዱን እንለማመደው" አለችው። እሱም ፔርሙሱን አንጠልጥሎ እጇን ያዘና ወጡ። የመጀመሪያውን ኩርባ እየዘፈነ አለፈው። ሁለተኛው ላይ ዘፈኑ ቀረ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። ላቡ በአገጩ ይወርዳል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ትርሲት ጎኑ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት።

"ምንም አይደል አባዬ" አለችው፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። "ካልሆነ አጎቴ ያደርሰኛል። እኔ የምፈልገው አንተ ደህና እንድትሆንልኝ ነው።"

 ከተወለደ ጀምሮ በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ወንድይራድ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። የልጁን እጅ ሌላ ሰው ሲቀበለው ታየው። ወንድሙን ይወደዋል፣ እሱ አይደለም ነገሩ፤ ግን ያቺን እጅ ከዳዴ ጀምሮ የያዛት እሱ ነው።

ትንሽ ሲያገግም ሐዘኑ ወደ ቁጣ ተለወጠ። የእትዬ ብርቄ ማሳ እዚያው አጠገብ ነበርና ልጁን "ጠብቂኝ" ብሎ ገሰገሰ፤ መገስገስ ከተባለ። ደርሶ ግቢዋ ውስጥ ሲቆም እትዬ ብርቄ በጋለ ሰፊ መጥበሻ ላይ እርጥብ ቅጠል ታገላብጣለች።

"እትዬ ብርቄ! ሻይዎ ጉድ ሠራኝ!" አለ።

ቀና ብላም አላየችው። "ተቀመጥና ትንፋሽህን ሰብስብ። ይህ ቅጠል አሁን አይጠብቀኝም፤ ቁጣህ ግን ይጠብቃል" አለችው።

ምን ያድርግ፣ ተቀመጠ። ቅጠሉ ከመጥበሻው ወርዶ ሰፌድ ላይ እስኪሰጣ ጠበቀ። እሷም እጇን ጠራርጋ ስታበቃ ፔርሙሱን ተቀበለችው፣ ከፍታ አሸተተችው፣ በጣቷም ቀመሰችው። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

"አንተ ሰውዬ! ይሄ ሻይ ነው ወይስ የስኳር ወጥ?"

"ስለመረረኝ ነዋ!"

"ከምን ጋር ነበር የምትጠጣው?"

ወንድይራድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከ... ከጥቂት ሥጋ ጋር።"

"ጥቂት!" አለች እትዬ ብርቄ፣ ቀበቶውን እያየች። ከዚያ ተነሥታ ሁለት እፍኝ የደረቀ ቅጠል አመጣችና አንዱን በቀኝ እጁ፣ አንዱን በግራ እጁ አኖረችለት። አንደኛው ጥቁር ነው፣ ሌላኛው አረንጓዴ። "ልዩነታቸው ምንድነው?" ብላ ጠየቀችው።

"ተክሉ ነዋ። ይሄ የጥቁር ሻይ ተክል፣ ይሄ የአረንጓዴ።"

"ዕድሜህን ሙሉ በሻይ ማሳ መሐል እየኖርክ ይህን አታውቅም?" አለችው። "ተክላቸው አንድ ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ፣ በአንድ ጠዋት፣ በዚች በኔ እጅ ነው የተቀጠፉት። ቅጠል ከተቀጠፈና ከታሸ መጥቆር ይጀምራል። ይሄኛውን ተውኩት፤ እስኪበቃው ጠቆረ። ይሄኛውን ግን ቶሎ እሳት ላይ አድርጌ አስቆምኩት። አረንጓዴ ያደረገው ሌላ ምንም ምስጢር የለም። በጊዜ ቆመ፣ አለቀ።"

ወንድይራድ ሁለቱን እፍኝ እያፈራረቀ ተመለከተ። 

እትዬ ብርቄ አሁን ድምፅዋ ረጋ አለ። "ጥቁሩም መጥፎ አይደለም፤ እኔም እጠጣዋለሁ። አንተ ግን በጊዜ መቆምን የሚያህል ነገር ስኒ ውስጥ ቀድቼ እንድልክልህ ፈለግክ። እሱን ከየት አመጣለሁ? ሻይ እኮ ነው የሰጠሁህ፣ ጠበል አልሰጠሁህም! ሻዬ ጥሩ ነው፣ በሱ አልደራደርም። ያነቃል፣ ቀለል ያደርጋል፣ በልኩ ለያዘው ሰው ልቡንም ያግዘዋል። አንድ ኪሎ ጮማ ተሸክሞ ግን ከሆድህ አይወጣልህም።"

"ታዲያ ልጄን..." አለና ትርሲት ወደምትጠብቅበት መንገድ ተመለከተ። "ልጄን ማድረስ እፈልጋለሁ እትዬ።"

"አርባ አምስት ቀን አለህ" አለችው። "ነገ ሳይሞቅ በእግርህ እኔ ዘንድ ና። አንድ ስኒ እሰጥሃለሁ። የሚመርህ ከሆነ ይምረርህ።"

በማግስቱ ቁርሱን ቀማምሶ ወጣ። አራት ቦታ ተቀምጦ እያረፈ ደረሰ። ስኒውን ተቀብሎ ሲጎነጭ ፊቱ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆነ፤ እትዬ ብርቄም አላዘነችለትም። ሳምንት ሲሞላው ሦስት ቦታ አረፈ። በሁለተኛው ሳምንት መራራው ውስጥ የሆነ ለስለስ ያለ ጣዕም አገኘና "እትዬ፣ ዛሬ ምን ጨመሩበት?" ብሎ ጠየቃት። "ምንም። ምላስህ ከስኳር እስር ቤት ተፈታ" አለችው።

ሥጋ ቤትም አልቀረም፤ ጓደኞቹን እንዴት ይተዋቸው? ነገር ግን ጥቂት ይቆርስና ገና አምሮቱ ሳይወጣለት ቢላዋውን ያስቀምጣል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተንጫጫበት። "ጋሼ አመመህ እንዴ?" አሉት። "የለም፣ በቃኝ" ይላል። "በቃኝ" የምትለዋን ቃል ሲያወጣት እንዴት እንደምታቃጥለው እሱ ነው የሚያውቀው! አንድ ቀን እንዲያውም ቢላዋውን አስቀምጦ፣ መልሶ አንስቶ፣ እንደገና አስቀምጦ፣ ሮጦ ወጥቷል። እጁ መንቀጥቀጡን ተወ፣ እንቅልፉም ተመለሰለት።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ከተማው በሙሉ ከበሮውን ይዞ ወጣ። ወንድይራድ ቀጭን ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ በአርባ አምስት ቀን ማን ቀጭን ይሆናል? ግን ትርሲትን እጇን ይዞ ሲነሣ ደረቱ ቀጥ ብሏል። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ እግሩ ከበደውና ቆመ። ዘፈኑም ቆመ። አጎትየው ቀስ ብሎ ቀረብ አለ፤ ቅንነት ነው፣ ክፋት የለውም። ትርሲት የአባቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ ይሰማታል። ሕዝቡ ሁሉ ዓይኑን ያን ቀን ዘጭ ያለበት ድንጋይ ላይ ተከለ።

ወንድይራድ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና "ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ዝፈኑ እንጂ!" አለ። እልልታው ኮረብታውን አናወጠው። ቀስ አለ፣ በጣም ቀስ አለ፤ ዘፋኞቹ አንዱን ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ ደጋገሙት፤ ግን ሳይቀመጥ የሙሽራው ደጃፍ ደረሰ። ልጁን ግንባሯን ስሞ መረቃትና እስክስታውን ጀመረ። ትከሻው እንዲያ እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር! አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ወጉ የሚጠይቀውን ሦስተኛውንም ጨረሰ። አራተኛ ጀመረ። አምስተኛ።

ትርሲት እየሳቀችም እያለቀሰችም "አባዬ፣ ኧረ ይበቃሃል!" አለችው።

"ለጮማው ነው በቃኝ ያልኩት!" አለ ወንድይራድ፣ ትከሻውን ሳያቆም። "ለልጁ ሰርግ በቃኝ የሚል አባት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ጥሩ ነገር ሁሉ በልኩ ሲያዝ ያግዛል፤ አረንጓዴ ሻይም እንደዚያው ነው። ሲበዛ ግን ያውካል፤ እኛ ልንተወው የሚገባንን ነገርም እሱ አይተውልንም። መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁም ሻዩን ከማብዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙልኝ፤ "በቃኝ" ማለት ደስታን መቀነስ አይደለም። ለሚበልጠው ደስታ ትንፋሽ ማስተረፍ ነው።

እናንተስ፣ የትኛውን ደስታ ትንፋሽ ሳያጥራችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? ለእሱ ስትሉ ዛሬ "በቃኝ" የምትሉት ነገር ምንድነው? መልሱን ለራሳችሁ ያዙት፤ ታሪኩን ግን ለምትወዱት ሰው አካፍሉት።