በድልድዩ ራስ የታሰረችው ጊደር

በአንድ ወቅት ነው፤ ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ ወንዙ እንደሆነ ዛሬም ይፈሳል። ጎመርታ በምትባል ትንሽ ከተማ ይመናሹ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከተማይቱ ከወንዙ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ ከወንዙ ወዲያ። በበጋ ምንም አይደለም፤ ቀሚስ ሰብሰብ አድርጎ መሻገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ በሬ ይወስዳል።

የይመናሹ ባል የሞተው በነሐሴ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሬሳው ከወዲህ አደረ፣ ዋለ፣ ደግሞ አደረ። ቄሶቹ ከወዲያ ማዶ ቆመው ፍትሐት አደረሱለት፤ ድምፃቸውን ግን ውሃው ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ይመናሹ በዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «እኔ ክረምት አልሞትም» ትላለች፣ «በጋውን ጠብቄ ነው።» ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

የቀበሌው ምክር ቤት ድልድይ እንሥራ ሲል ታዲያ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣች እሷ ናት። ባህር ዛፍ ያለው ባህር ዛፍ፣ የሌለው ገንዘብ ያዋጣ ተባለ። ከጓሮዋ ባሏ የተከለው አንድ ዛፍ ነበር፤ ከጎጆዋ በላይ የተመዘዘ፣ ላሟን ዘወትር የምታስርበት፣ ገመዱ ዙሪያውን ፍቆ ቀለበት ያወጣበት። አስቆርጣ ሰጠች። «ይኼ ለመካከሉ ተሸካሚ ይሁን። እሱ በጊዜው አልተሻገረም፤ እንጨቱ ሌላውን ያሻግር» አለች።

እንጨቱ በቀበሌው ግቢ ተከመረ። ክምሩ ቀስ በቀስ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደና አንድ ቀን ቦታው ላይ ሣር በቀለበት።

ሊቀመንበሩ አቶ መኩሪያው ይባላል። ክፉ ሰው ነው እንዳትሉ፤ ሰላምታ ያውቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የሰው ልጅ ሲዳር ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ስለ ድልድዩ ሲጠየቅ ግን መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ብቻ ነበር።

«የት ደረሰ?» አለችው ይመናሹ በስብሰባ መካከል።

«ምኑ?»

«ሂደቱ ነዋ! እኛን ወዲህ ትቶ ብቻውን ተሻገረ እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ መኩሪያውም አብሮ ሳቀ። «እታለም፣ የሚስማር ዋጋ ጣራ ነክቷል፣ መሐንዲሱም አልመጣ። ትንሽ ታገሺን።»

«እኔ ስለ ሚስማር አልጠየቅኩም። እንጨቱ የት ገባ? እንጨት እግር የለው! አውጫጭኝ ይጠራ!»

ሳቁ ቀጥ አለ።

አውጫጭኝ ያላያችሁ እንደሆነ እንዲህ ነው፣ ልጆች። ነገር ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ በሩ አንድ ነው። እውነቱ እስኪወጣ ማንም አይወጣም። በሩ ለአንድ ሰው ከተከፈተ ለሁሉም ተከፈተ ማለት ነው፤ ጉባኤው ፈረሰ። ከመካከል አንድ የታመነ ሰው ይመረጥና «ወፍ» ይባላል። ሁሉም በተራ እየሄደ በወፏ ጆሮ ያየውን ይነግራል፤ ያላየም «አላየሁም» ይላል። ሁሉም ስለሚሄድ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። በመጨረሻ ወፏ ቆማ የሰማችውን ትናገራለች። ማን ነገረሽ አትባልም።

አቶ መኩሪያው ነገሩን አልሸሸም። «ይጠራ! እኔም እገባለሁ፤ ምን አለብኝ?» አለ። ወፍ ማን ይሁን ሲባልም ቀድሞ የተናገረ እሱ ነው፦ «አያ ደምለው ይሁኑ።»

ሰው ተስማማ። አያ ደምለው ድንበር የሚያካልሉ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ማንም ያላነሳው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ የአያ ደምለው ልጅ የውብዳር የአቶ መኩሪያውን ልጅ አግብታለች። ሙሽሮቹ በዚያው ዓመት መንገድ ዳር አዲስ ቤት ሠርተው ገብተዋል። ቤቱ ያምራል። ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ደግሞ ውስጡን አያሳይም።

በሩን የያዘችው ይመናሹ ናት። መግቢያው ላይ ድንጋይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። የመጀመሪያው ቀን «አላየሁም» ሲባል መሸ። ሰው እዚያው ጋቢውን ተከናንቦ አደረ። በማግሥቱ ፀሐይ ሲበረታ ማጉረምረም ተጀመረ።

«ይህች ሴት ለአንድ ድልድይ ብላ ሁላችንንም ልታስቀብረን ነው!» አለ አንዱ።

«በምን ተሻግረህ ትቀበራለህ?» አለችው። «መቃብሩ ማዶ ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከአጥሩ ውጭ ጩኸት ሰማች። የጎረቤቷ አራስ ናት፤ አራስ አውጫጭኝ አትጠራም። «እታለም ይመናሹ! ላሚቱ ምጥ ይዟታል! ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቷል፣ ኧረ ድረሽ!»

ይመናሹ ብድግ አለች። ያቺ ላም ጓዳዋም፣ ልብሷም፣ ባሏም ናት፤ ወተቷን ሸጣ ነው የምታድር። አቶ መኩሪያው ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሐዘኔታ «ሂጂ እንጂ፣ እታለም! ምን ትጠብቂያለሽ? እኛም እንበተንና ሌላ ቀን እንቀጥላለን» አለ። ሐዘኔታው የእውነት ይመስል ነበር፤ ምናልባትም የእውነት ነበር። ይመናሹ ዞር ብላ ሰዉን አየች። ግማሹ ጋቢውን እያጠፈ ነው። «ሌላ ቀን» ደግሞ የ«ሂደት» ታናሽ ወንድም መሆኑን ታውቃለች።

«እግዜር ያዋልዳት» አለችና ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን በበሩ አጋድማ ዘረጋች። ማንም ሊረግጣት አልደፈረም። ከቀትር በኋላ ላሚቱ ጥጃዋን በሆዷ ይዛ ሞተች።

የመጨረሻው ሰው ለወፏ ነግሮ ሲመለስ አያ ደምለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይመናሹ ከበሩ ሆና አየቻቸው። «ወፍ ምንም አላለችም» ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ሕጉም አይጠይቅም። እሷ ላሟን የሰጠችበት ነገር በእኒህ ሽማግሌ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል።

አያ ደምለው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ወፍ እንዲህ ብላለች» አሉ። «እንጨቱ ሩቅ አልሄደም። ቆሞ፣ ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ ለብሶ ይታያል። ያነሳው መኩሪያው ነው። የሚኖርበት ልጁ ነው። አብራው የምትኖረው ልጄ ናት።»

ከዚያ ቀን በኋላ የውብዳር አባቷን በመንገድ ስታገኝ መሬት መሬት እያየች ታልፋለች። የልጅ ልጅ ተወለደ ሲባልም አያ ደምለው የሰሙት ከሰው አፍ ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። አቶ መኩሪያው ፊቱ ቢጠቁርም እጅ አልሰጠም። «ወፍ ትንጫጫለች፤ ወፍ ትምላለች እንዴ?» አለ። «ሽማግሌውን ማን ምን እንዳላቸው አላውቅም። ያየ ሰው ካለ ይቁምና በስሙ ይናገር!»

ማን ይቁም? ማኅተሙ በእሱ እጅ ነው፤ ነገ መታወቂያ የሚሰጥ፣ ቦታ የሚለካ እሱ ነው። ሁሉም ጣቶቹን ያይ ጀመር። ይመናሹ ትጮኽ ነበር፤ ግን እሷ ምን አይታለች? ምንም።

ከጥግ የቀበሌው ዘበኛ ሞኝሆዴ ተነሣ። ዱላውን መሬት ላይ አጋደመው።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «ማየት ብቻ አይደለም፤ አንዱን ጫፍ የተሸከምኩ እኔ ነኝ። ለቀበሌ ሥራ ነው ተብዬ ነበር።»

«እንዳልሆነ መቼ አወቅህ?» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«ቤቱ ሲመረግ።»

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልህ?»

«እንጀራዬ ነዋ።»

አቶ መኩሪያው በዚህ ተረታ። ሞኝሆዴም ዱላውን መልሶ አላነሳውም፤ የሚጠብቀውን ያወጣ ዘበኛ እንዴት ዘበኛ ይሆናል ተብሎ ከሥራው ወጣ። የሚያድርባት የግቢው ጎጆም ከሥራው ጋር ሄደች። ክረምቱን ከነልጆቹ በገበያው ዳስ ሥር አሳለፈ።

የሙሽሮቹ ቤት ፈረሰ። ጭቃው ከመካከለኛው ምሰሶ ላይ ሲረግፍ የገመድ ቀለበት ብቅ አለ። ይመናሹ እጇን አስገብታ ዳሰሰችው። እንጨቱ ወንዙ ላይ ተጋደመ፣ ድልድዩም ዝናቡ ሳይበረታ አለቀ። አቶ መኩሪያው ከወንበሩ ወረደ፤ የጎደለውን ተካ፤ በላዩም አንዲት ጊደር ተቀጣ። ሽማግሌዎቹም «ጊደሯ እውነቱን ላወጣው ሰው ትሰጥ» ብለው በድልድዩ ራስ፣ ከዚያው ከይመናሹ እንጨት ጫፍ ላይ አሰሯት።

የአዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ሥራ ይህችን ጊደር መስጠት ሆነ። ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ጊዜ የተበላ ሕዝብ ደግሞ እንደ ድሮው «እሺ» ብሎ አይሄድም። ስብሰባው ሞልቶ በደጅ ፈሰሰ።

«በሩ ቢከፈት ኖሮ ወፏም ዘበኛውም አፋቸው እንደተዘጋ ይቀር ነበር» አሉ የላይ ሰፈር ሰዎች። «ላም ደግሞ በላም ነው የሚካሰው። ለይመናሹ!»

«እሷ የተቀመጠችው ለራሷ ሬሳ ብላ አይደለም እንዴ? ደግሞ ያየችው ነገር የላት!»

«አያ ደምለው ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? ላም ትገዛለች፤ ልጅ ከየት ገበያ ትገዛለች?» አሉ ሌሎቹ።

«ቤቱ ሲመረቅ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው የመረቁ እሳቸው አይደሉም? ከየት መጣ አሉ ያን ጊዜ?»

«ወፍ ከለላ አላት፤ ያለ ከለላ በስሙ የቆመ ሞኝሆዴ ብቻ ነው!»

«ለተሸከመም ጊደር? እንግዲያው ነገ ሁላችንም እንሸከምና እንናዘዛ!»

ሦስቱንም ጠየቋቸው። አያ ደምለው «ለወፍ ጊደር ምኗ ነው?» አሉ፤ ባለቤታቸው ግን ከኋላ «እሳቸው አይጠይቁም እንጂ ለየውብዳር አራስ ቤት ወተት ብናደርስበት ፊቷን ትመልስልን ነበር» አለች። ሞኝሆዴ «ልጆቼ ጣሪያ የላቸውም፤ ሌላ ቃል የለኝም» አለ። ይመናሹ ጊደሯን ትፈልጋት ነበር፤ እንዴት አትፈልጋት! በየማለዳው እጇ ጡት የሚያልብ እየመሰለው ይነቃል። ግን አያ ደምለውን አየች፣ ሞኝሆዴን አየች፣ አፏ እንቢ አላት። «እኔ በሩን ነው የያዝኩት» አለች፤ ተቀመጠች።

አዲሱ ሊቀመንበር ላቡን ጠረገና «እንግዲህ ጉዳዩ... በሂደት ላይ ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ተናጋ።

ክረምቱ እንዲያው አለፈ። ይመናሹ እሑድ እሑድ በድልድዩ ቤተ ክርስቲያን ትሻገራለች። ለጊደሯ ሣር ይዛ ትሄዳለች፤ ሁልጊዜ ግን ቀድሟት ሌላ ሣር ተቆልሎ ታገኛለች፤ አንዱ ክምር በማጭድ የታጨደ፣ ሌላው በእጅ የተነጨ። ሽማግሌ በማጭድ ያጭዳል፤ ማጭድ የሌለው በእጁ ይነጫል። የማን የማን እንደሆነ ታውቃለች። የራሷን ከጎናቸው አስቀምጣ ታልፋለች። ጊደሯ ሦስቱንም ትበላለች፤ የማን ነው ብላ አትጠይቅም።

አሁን ጊደሯ ከብዳለች። ገመዷም እንጨቱን ሌላ ቀለበት እያወጣበት ነው። ሰው ይመናሹን «ድልድዩ አለ እንግዲህ፣ ክረምትም ብትሞቺ አትፈሪም?» ይላታል።

«በፈለገኝ ወር እሞታለሁ» ትላለች። «የዚህችን ነገር ሳላይ ግን አልሞትም።»

እኔ እስከዚህ ነው የማውቀው፤ ገመዱን እንካችሁ። ባይወሰን ጥጃው ደርሶ ክርክሩ ሁለት ሊሆን ነው። በሩን የያዘች ላሟን አጣች፤ ቃሉን ያወጡ ልጃቸውን አጡ፤ በስሙ የቆመ ቤቱን አጣ። እናንተ ብትሆኑ ገመዱን ከማን እጅ ላይ ታኖሩታላችሁ? ጊደሯ የምትገባው ለማን ነው?